ለታክሲው ሰልፍ ሶብር ብቻ አይበቃም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንዲት እህት አለችን። ቀን መሥሪያ ቤት ትውላለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ በማታው መርሐ ግብር ለማስተርስ ተመዝግባ ነበር። ትምህርቱ የሚያልቀው ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤቷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከክፍል ወጥታ ታክሲ ተራ ስትደርስ ሰልፉ ተጠማዞ ሱቆቹን አልፏል። አንዳንድ ማታ ባለታክሲው መስመሩን አቆራርጦ ስለሚጭን ለአንድ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ትከፍላለች። ቤቷ የምትገባው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እናቷ እስክትመጣ ድረስ አይተኙም፤ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰልፉ ላይ በሒጃቧ የሚነካካት፣ በጨለማው በነገር የሚጎነትላት አይጠፋም። በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርቱን አቋረጠች።

እኛ ምን አልናት? "አብሽሪ፣ ሶብር አድርጊ፣ ኸይር ነው" አልናት።

ሶብር ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም። የሆነው ሁሉ በአላህ ቀደር መሆኑንም እናምናለን። ነገር ግን ሰበብ እንድናደርስ ታዘናል። የታመመን ሰው "ሶብር አድርግ" ብለን ሐኪም ቤት ሳንወስደው አንተወውም። እንግዲህ ለዚያ ሰልፍ ሐኪሙ ማን ነው? ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ይህንን ነው።

ይህን የምንጽፈው በከተማ ፕላንና በመንገድ ሥራ የተማርን ጥቂት ወንድሞችና እህቶች ነን። ልጅቷን ያስቀራት ታክሲው ብቻ አለመሆኑንም መናገር አለብን። ጽሑፏን ልትሠራ ያሰበችው ሴቶች በከተማችን ማታ ማታ ስለሚገጥማቸው የትራንስፖርት ችግር ነበር። አማካሪዋ ለወራት መልስ አልሰጧትም። ለእኛም የሐሳቧን ረቂቅ በቴሌግራም ልካልን ነበር። አየነው፤ "ኢንሻአላህ እናነበዋለን" አልን፤ አላነበብነውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ የተጻፈ አይደለም።

*ሰልፉ ሠሪ አለው*

ብዙዎቻችን የትራንስፖርት ችግር ማለት የመኪና ማነስ ወይም የሾፌሮች ክፋት ይመስለናል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ነገር አለ፤ እሱም ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰንጠረዥ ነው።

አንድ መስቀለኛ መንገድ ሲጠና ባለሙያዎች ቆመው የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ይቆጥራሉ። የተቆጠረው ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ ይመነዘራል፤ መለኪያውም የቤት መኪና ነው። አንድ ሰው ብቻ የያዘች የቤት መኪና አንድ ተብላ ትቆጠራለች። 12 ሰው የጫነው ሚኒባስ ከአንድ ብዙም በማይበልጥ ቁጥር ይገባል። ጢም ብሎ የሞላው የከተማ አውቶቡስ እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት መኪና ቢቆጠር ነው። ምክንያቱም ስሌቱ የሚለካው ብረቱ አስፋልት ላይ የሚይዘውን ቦታ እንጂ ውስጡ ያሉትን ነፍሶች አይደለም። በእግሩ የሚሄደው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡ ውስጥ ጭራሽ የለም።

አሁን ይህንን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ግን ሐሳቡ መኪና ሳይቆም እንዲሄድ ነበር። መሐሉ በግንብ ተከፈለ፤ ለእግረኛው ከላይ ድልድይ ተሰጠው። ደረጃውን መውጣት የማይችሉት አሮጊት እናት፣ ምርኩዝ የያዘው አባት፣ በዊልቸር የሚሄደው ወንድም የት ይሻገሩ? በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለብዙ ሰው በአነስተኛ ዋጋ የሚሳፈርበት አማራጭ ሆኖለታል፤ አልሐምዱሊላህ። ሐዲዱ መሬት ላይ በሚሄድባቸው ሰፈሮች ግን ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ያለው ጎረቤት ለመሻገር ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆኖበታል።

ማንም ሰው ተቀምጦ "አሮጊቶችን እናስቸግር" አላለም። ያልተቆጠረ ሰው ተረሳ እንጂ። የትራንስፖርት ፍትሐዊነት የሚባለው ሙያ ከዚህ ነው የሚነሳው። መንገዱ፣ አውቶቡሱ፣ ታሪፉ፣ የእግረኛ መሻገሪያው ማንን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ ይመረምራል፤ የተረሳውን ሰው ሰንጠረዡ ውስጥ ያስገባል።

*ሦስቱ ጣቢያዎች*

ይህ ሥራ ምን ሊለውጥ እንደሚችል ለማየት አንድ የታወቀ ታሪክ እናንሳ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ ሮንዶ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኢንተርስቴት 94 የተባለው ፈጣን መንገድ ሲሠራ ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። 600 ያህል የጥቁር ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ።

ከአርባ ዓመት በኋላ በዚያው አካባቢ ሴንት ፖልን ከሚኒያፖሊስ የሚያገናኝ የቀላል ባቡር መስመር ሊዘረጋ ታቀደ። መስመሩ በሚኒያፖሊስ በኩል ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለውን ሰፈር ይነካል። ይህ ሰፈር ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው። እቅዱ ሲወጣ በሴንት ፖል በኩል ድሆች፣ ጥቁሮችና ስደተኞች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ጣቢያዎቹ አንድ ማይል ያህል ተራርቀው ተገኙ። መኪና የሌለውና በአውቶቡስ የሚኖረው ሕዝብ ባቡሩ በበሩ ሲያልፍ ቆሞ ሊያይ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ሲፈለግ ስሌት ሆኖ ተገኘ። የፌዴራሉ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ገንዘብ ሲሰጥ ወጪውን ለተሳፋሪ ከሚቆጠበው ጊዜ ጋር ያመዛዝን ነበር። ጣቢያ ሲጨመር ወጪ ይጨምራል፤ ባቡሩም አንድ ቦታ ተጨማሪ ስለሚቆም ጉዞው ይዘገያል። ስለዚህ በዚያ ሚዛን የድሆቹ ጣቢያ "ኪሳራ" ሆኖ ይታይ ነበር።

የሰፈሩ ሰዎች፣ ቤተ እምነቶችና ማኅበራት ተባበሩ። ጮኹ፤ ግን በመጮኽ ብቻ አልቆሙም። ደንቡን አንብበው ሚዛኑ የቱ ላይ እንደተዛባ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የፌዴራሉ መንግሥት ያንን ስሌት ብቸኛ መመዘኛ ማድረጉን ተወ። ዌስተርን፣ ቪክቶሪያና ሃምሊን የተባሉት ሦስት ጣቢያዎች ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 መስመሩ ሲከፈት ሦስቱም ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። በደል ስሌት ውስጥ ሲደበቅ፣ ስሌቱን የሚያነብ ሰው ከተበዳዩ ጎን መቆም አለበት። ያንን የሚያነብ ሰው ደግሞ በአንድ ሌሊት አይገኝም። ተምሮ፣ ታርሞ፣ አጠገቡ የቆመ ታላቅ አግኝቶ ነው የሚደርሰው።

*የመንገድ ሐቅ ለእኛ አዲስ አይደለም*

አንዳንድ ወንድሞች "ይህ የፈረንጅ ፋሽን ነው" ይላሉ። እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሳትን ከኢማን ቅርንጫፎች እንደቆጠሩት ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። መንገድ ላይ ለሚቀመጥ ሰው የመንገድን ሐቅ እንዲጠብቅ አዝዘዋል። ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲጨቃጨቁ ሰባት ክንድ እንዲሆን መወሰናቸውም በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። የመንገድ ስፋት ደረጃ ማለት ይኸው ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በዒራቅ ምድር አንዲት እንስሳ ብትደናቀፍ መንገዱን ለምን አላስተካከልክላትም ተብለው እንዳይጠየቁ ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። እንስሳዋ እንዲህ ከታሰበላት ልጇን አዝላ ቀለበት መንገድ የምትሻገረው እናትስ?

በ450 ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ማወርዲ "አል-አሕካም አስ-ሱልጣኒያ" በተባለው ኪታባቸው የሙሕተሲብን ሥራ ሲዘረዝሩ መጓጓዣንም አንስተዋል። ሙሕተሲቡ ባለመርከቦች ከአቅም በላይ እንዳይጭኑ ይከለክላል፤ ነፋሱ ሲበረታም እንዳይነሱ ያግዳቸዋል። ወንዶችና ሴቶች አብረው ሲሳፈሩ በመሐላቸው መለያ እንዲደረግ ያዛል። ትርፍ ጭነት፣ የጉዞ ደኅንነት፣ የሴት ተሳፋሪ ክብር! ዛሬ በማስተርስ ደረጃ የምናጠናቸው ርዕሶች ከ900 ዓመት በላይ በፊት በኪታባችን ተጽፈዋል። የጎደለን ዒልሙን ይዞ ቢሮ የሚገባው ሰው ነው።

*ሙያው ምን ይመስላል?*

በየቤታችን ልጅ ሲያድግ የሚባለው ይታወቃል፤ ወይ ሐኪም፣ ወይ መሐንዲስ፣ አለዚያ ንግድ። ሦስቱም ኸይር ናቸው። ግን ከተማችን ሌላ ባለሙያም ትፈልጋለች፤ በሩ ደግሞ ከምናስበው በላይ ሰፊ ነው።

አንደኛው በር የመንግሥት ቢሮ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ የክልልና የከተማ ትራንስፖርት ቢሮዎች፣ የመንገድ ባለሥልጣናትና ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። የአውቶቡስ መስመር የቱ ጋ ይሂድ፣ መሻገሪያ የት ይቀባ፣ የባጃጅ ማቆሚያ የት ይሁን የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ አንዋሽም። ግን አንድ ኒያው ያማረ ባለሙያ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያስተካክለው አንድ መሻገሪያ ስንት ነፍስ እንደሚያተርፍ አስቡት።

ሁለተኛው መረጃና ካርታ ነው። በኬንያ ናይሮቢ የሆነውን እንመልከት። የከተማዋ ሕዝብ የሚንቀሳቀሰው በማታቱ ነው፤ የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ማለት ነው። መስመሮቹን ሁሉም በልምድ ያውቃቸዋል፤ በወጉ የተሰበሰበ ሙሉ መረጃ ግን አልነበረም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸውና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ስልክ ይዘው በየማታቱው እየተሳፈሩ መስመሩንና ማቆሚያውን መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ከ130 የሚበልጡ መስመሮችን የያዘ ካርታ ወጣ። ያስፈለጋቸው ስልክ፣ ትዕግሥትና የሚመራቸው መምህር ነበር። የጂአይኤስ ሶፍትዌር መሥራት የሚችል ወጣት በደሴም በጅማም ይህን መጀመር ይችላል።

ሦስተኛው የመንገድ ደኅንነት ነው። የፖሊስን የአደጋ መዝገብና የሐኪም ቤትን መዝገብ አስተያይቶ ሰው የሚሞትባቸውን ቦታዎች መለየት፣ ከዚያም መንገዱ ምን ቢደረግ ሞቱ እንደሚቀንስ ማሳየት ነው። የሕብረተሰብ ጤናና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው።

አራተኛው ታሪፍና ፖሊሲ ነው። የአንድ ቀን ሠራተኛ ከገቢው ስንቱን ለታክሲ ያወጣል? ድጎማው በእርግጥ ለድሃው ይደርሳል? ኮንዶሚኒየም ከከተማ ዳር ሲሠራ አውቶቡሱ ለምን ከሦስት ዓመት በኋላ ይመጣል? እነዚህ የኢኮኖሚክስ፣ የሕግና የሶሺዮሎጂ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ "ሲቪል ምህንድስና አልተማርኩም" ማለት ምክንያት አይሆንም።

አምስተኛው ማስተማርና ምርምር ነው። ከዚህ ሌላ አማካሪ ድርጅቶችም ሆኑ ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዲህ ያለ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

*ደረሳው ብቻውን አልተተወም*

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህንን ሁሉ ሰምቶ ተነሳስቶ ማስተርስ የሚገባ ወጣት ይኖራል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ምን ይጠብቀዋል? የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው፤ ያልፋል። ሁለተኛው ዓመት ጽሑፍ ነው፤ ብዙው የሚወድቀው እዚህ ነው። አማካሪው ብዙ ተማሪ ይዟል፤ ቢሮዎች መረጃ አይሰጡም፤ ቤተሰብ "መቼ ነው የምትጨርሰው?" ይላል። ተማሪው ከሁሉም ተደብቆ ይከርማል። በመጨረሻ ወይ ይተወዋል፣ ወይ ከሌላ ሰው ገልብጦ ያስረክባል።

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር? በወሎ በዳና፣ በጌታ፣ በጀማ ንጉሥ ይቀሩ የነበሩትን ደረሶች አስታውሱ። ደረሳው ለዒልም ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል፤ ሐሪማ ውስጥ ያድራል፤ የአካባቢው ሰው ያበላዋል። ኪታቡን ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ይቀራል፤ የሳተውን ሸኹ እዚያው ያርሙታል። አንዱን ፈን ሲጨርስ በሌላው ፈን ወደታወቁት ሸኽ ይልኩታል። ኢጃዛ ሲሰጡት ስማቸውን አብረው ሰጡት ማለት ነው፤ እሱ ቢያጠፋ እሳቸው ያፍራሉ። እኛ ግን ይህንን ሁሉ ወርሰን፣ የዩኒቨርሲቲ ታናሾቻችንን በዓመት አንድ ቀን የምርቃት ፕሮግራም ላይ ሰብስበን፣ አነቃቂ ንግግር አድርገንላቸው፣ ፎቶ ተነስተን እንበተናለን። በማግስቱ ስልካቸውን አናነሳም።

የኢማም አቡ ሐኒፋንና የተማሪያቸውን የአቡ ዩሱፍን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አቡ ዩሱፍ የድሃ ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡ እንጀራ እንዲያመጡለት ፈልጎ ከሐለቃው እንዳስቀራቸው ይተረካል። አቡ ሐኒፋ ወንበሩ ባዶ መሆኑን አስተዋሉ፤ ጠየቁ፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ገንዘብ ሰጥተው ወደ ትምህርቱ መለሷቸው፤ ሲያልቅም ደግመው ይሰጧቸው ነበር። ያ ልጅ በኋላ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ የበላይ ሆኑ። ገበሬው ከአቅሙ በላይ ግብር እንዳይጫንበት ለኸሊፋው የጻፉት "ኪታቡል ኸራጅ" እስከ ዛሬ ይነበባል። መምህሩ የቀረውን ልጅ ባይጠይቁ ኖሮ ያ ኪታብ ይጻፍ ነበር? አላሁ አዕለም። የእኛ እህት ስትቀር ግን ማንም አልጠየቀም።

*ታላቆች ምን አለብን?*

ለማስተርስና ለፒኤችዲ ተማሪ ታላቅ መሆን ማለት ብዙ ገንዘብ ወይም ትልቅ ማዕረግ ማለት አይደለም። ጥቂት ግልጽ ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ማንበብና በቀኑ መመለስ። "ኢንሻአላህ" የምንለው ላለመሥራት መሸፈኛ እንዲሆን አይደለም። "እሑድ እመልስልሃለሁ" ካልን እሑድ እንመልስ። ጊዜ ከሌለን የለንም እንበል፤ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ማሳነስ። ተማሪው "የኢትዮጵያ የትራንስፖርት ችግርና መፍትሔው" ብሎ ይመጣል፤ ይህ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ወደሚያዝ ጥያቄ ማውረድ የእኛ ድርሻ ነው። በኮምቦልቻ ማታ ከሥራ የሚወጡ ሴት ሠራተኞች ቤታቸው በምን ይደርሳሉ? በጅማ አንድ የቀን ሠራተኛ ከገቢው ስንቱን ለባጃጅ ያወጣል? በጁሙዓ ቀን አንዋር መስጂድ ዙሪያ እግረኛው የት ላይ ይራመዳል? እነዚህ በአንድ ዓመት የሚሠሩ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በር ማንኳኳት። ተማሪ ብቻውን ቢሮ ሲሄድ "ደብዳቤ አምጣ" ይባላል፤ ደብዳቤ ይዞ ሲመለስ "ኃላፊው የለም" ይባላል። እኛ የምናውቀው ሰው ካለ ስልክ እንደውል፤ አብረን እንሂድ። ይህ ሐቁን እንዲያገኝ ማገዝ ነው፤ የማይገባውን እንዲያገኝ ማማለድ አይደለም።

አራተኛ፣ ድካሙን አለመብላት። ተማሪው የሰበሰበውን መረጃ ወስዶ በራስ ስም ማውጣት፣ ለራስ የማማከር ሥራ በነፃ ማሠራት በደል ነው። የተማሪው ሥራ አማና ነው።

አምስተኛ፣ ሲጠፋ መጠየቅ። ወር ሙሉ ድምፁ ከጠፋ ደውለን "ደኅና ነህ?" እንበለው። ያፈረ ተማሪ ራሱ አይደውልም።

ስለ እህቶች ለብቻው እንናገር። ብዙ እህቶች አማካሪያቸው ወንድ ሲሆን ቢሮው ውስጥ ብቻቸውን መቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ ልክ ናቸው። መፍትሔው ግን እህቶች እንዲቀሩ ማድረግ አይደለም። በቡድን መገናኘት ይቻላል፤ በር ከፍቶ መነጋገር ይቻላል፤ ረቂቁን በኢሜይል ተላልኮ ማረም ይቻላል። ከሁሉም በላይ በሙያው ያሉ እህቶቻችን ታናናሾቻቸውን ይያዙ። ማታ ሰልፍ ላይ የሚደርሰውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ይህ ሙያ ያለ እነሱ ጎዶሎ ነው።

*ታናናሾችስ?*

ታናሽ ወንድማችን፣ ታናሽ እህታችን፣ እናንተም ግዴታ አለባችሁ። "ርዕስ ስጡኝ" ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትምጡ። አንድ ገጽም ብትሆን ጽፋችሁ ኑ። የምታጠኑትን መንገድ በእግራችሁ ሂዱበት፤ ሰልፉ ላይ ቆማችሁ ሰዓት ያዙ፤ ስንት ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆመ መዝግቡ። መጠይቅ ቤት ቁጭ ብሎ ራስ ሞልቶ "200 ሰው ጠየቅሁ" ማለት ውሸት ነው፤ በዚያ ውሸት ላይ ነገ አውቶቡስ ይመደብበታል ወይም ይከለከልበታል። በምስክርነት እንደመዋሸት ቁጠሩት። ስትታረሙ አትቀየሙ፤ ደረሳ ታርሞ ነው ሸኽ የሚሆነው።

*"መንግሥት አይሰማም" ለምትሉ*

ይህንን ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። እውነትም ብዙ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ነገር ግን የሚሰማ ሰው በተገኘ ቀን የሚሰጠው የተዘጋጀ ነገር ከሌለን ጥፋቱ የማን ነው? በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነፃ ሲሆኑ ሁላችንም ደስ ብሎን ተራመድን። በዚያ ሰሞን ስለ እግረኛ በይፋ መነጋገር ተችሎ ነበር። የሰፈራችንን መረጃ ይዘን የተገኘን ስንት ነበርን?

ሌላም እንጨምር። ይህን ስንል ለመስጂዳችን በር ብቻ አስፋልት ይነጠፍ ማለታችን አይደለም። ሰልፉ ላይ ከእኛ ፊትና ኋላ የቆመው ጎረቤታችን ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን እግሩ እኩል ይደክማል። በሴንት ፖል ሦስቱን ጣቢያዎች ያስገኘው የተለያየ ቀለምና እምነት ያለው ሕዝብ አንድ ላይ መቆሙ ነው። የመንገድ ሐቅ የተሳላሚውም የአላፊ አግዳሚውም ነው።

*እንግዲህ*

ይህን ከማውጣታችን በፊት ለዚያች እህት ደወልንላት። ይቅርታ ጠየቅናት፤ አላህ ይስጣትና አውፍ አለችን። "ብመለስ አሁን ማን ያነብልኛል?" ብላ ጠየቀችን። ሁለታችን ስማችንን ሰጠናት፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ብለን ተቃጠርን። ተመልሳ ትመዘገብ እንደሆነ ገና አልወሰነችም፤ ሰልፉ እንደሆነ ዛሬም እዚያው አለ። ዱዓችሁ አይለያት።

ከናንተ የምንፈልገው ቀላል ነው። ማስተርሱን የጨረሰ ሁሉ በዚህ ሴሚስተር አንድ ተማሪ ይያዝ፤ አሥር አይደለም፣ አንድ። ለመመረቅ የተቃረበ ተማሪ ሁሉ ነገ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መንገዱን አንዴ በተማሪ ዓይን ይመልከተው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓዎችም ከምርቃት ፕሮግራሙ ወጪ ትንሽ ቀንሰው ለድህረ ምረቃ ተማሪ የመረጃ መሰብሰቢያ ያውሉት። ያስተማርነው ሰው ያስተካከለው መሻገሪያ ከሞትን በኋላ ሰው ሲሻገርበት ይኖራል፤ ሰደቀቱል ጃሪያ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራ፣ ታናናሾቻችንን የማንጥል ያድርገን። ማታ መንገድ ላይ ያሉትን እህቶቻችንንና እናቶቻችንን በሰላም ቤታቸው ያድርስልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።